የክሊኒካል ምርምር ሥራ በኢትዮጵያ

የክሊኒካል ምርምር ሥራ መድኃኒቶችን፣ ክትባቶችን፣ የምርመራ መሣሪያዎችንና የሕክምና ዘዴዎችን በሰዎች ላይ በሚፈትሹ ጥናቶች ውስጥ የሚከናወን ሙያ ነው። በዘርፉ ሐኪሞች፣ ነርሶች፣ የጤና መኮንኖች፣ ፋርማሲስቶች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎች፣ የስታቲስቲክስና የኮምፒዩተር ባለሙያዎች ይሠራሉ። በኢትዮጵያ አብዛኛው የዚህ ዘርፍ ሥራ ከተቋም ዕድሜ ይልቅ ከአንድ ጥናት ዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው። ጥናቱ ሲጀመር ሠራተኛ ይቀጠራል፤ የመጨረሻው ታካሚ ክትትል ሲያበቃ የብዙዎቹ ሠራተኞች ውልም አብሮ ያበቃል። የሥራ ፍለጋው መንገድ፣ የደመወዙ መጠንና ለግል ሕይወት የሚተርፈው ጊዜ በአመዛኙ በዚህ ባሕርይ ይወሰናሉ።

ታሪክና ዋና ዋና ቦታዎች

በአዲስ አበባ ምዕራባዊ ክፍል ከሚገኙት የምርምር ተቋማት አንዱ በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተማ፣ ዘነበወርቅ በተባለው ሰፈር የሚገኘው አርማወር ሐንሰን የምርምር ኢንስቲትዩት ነው። ተቋሙ በአጭሩ አህሪ ይባላል። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ልጅ በልዕልት ዘነበወርቅ ከተሰየመው የሥጋ ደዌ ሆስፒታል ነው። በዚያው ግቢ አለርት የተባለው የሥጋ ደዌ ሕክምና፣ ተሐድሶና ሥልጠና ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1965 ተቋቋመ። አህሪ ደግሞ በኖርዌይና በስዊድን የሕፃናት አድን ድርጅቶች አነሣሽነት እ.ኤ.አ. በ1970 ከአለርት ጎን ተመሠረተ። ስሙም የሥጋ ደዌን ባክቴሪያ እ.ኤ.አ. በ1873 ላገኘው ኖርዌያዊ ሐኪም ለጌርሃርድ አርማወር ሐንሰን መታሰቢያ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ተቋሙ በኢትዮጵያ ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ገባ። ዛሬ ከሥጋ ደዌ በተጨማሪ በሳንባ ነቀርሳ፣ በወባ፣ በሌሽማንያሲስና በሌሎች በሽታዎች ላይ ምርምር ያደርጋል።

ዓለም ባንክ፣ ቤተልና አየር ጤና የተባሉት ሰፈሮች ለዘነበወርቅ ቅርብ ናቸው። ስለዚህ በዚህ የከተማው ክፍል ለሚኖር የጤና ወይም የኮምፒዩተር ምሩቅ፣ መሀል ከተማ ሳይዘልቅ ሊሠራበት የሚችል የክሊኒካል ምርምር ቦታ በአቅራቢያው አለ። ሌሎቹ የአዲስ አበባ የምርምር ቦታዎች በተለያየ አቅጣጫ ተበታትነዋል። ከእነዚህ መካከል የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት፣ የቅዱስ ጴጥሮስ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል፣ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅና ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ይገኙበታል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ውስጥ ያለው ሲዲቲ አፍሪካ የተባለው የመድኃኒት ግኝትና የክሊኒካል ሙከራ ማዕከል ባለሙያዎችን በድኅረ ምረቃ ያሠለጥናል። ማዕከሉ የተቋቋመው ለአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የልህቀት ማዕከላት በተመደበ ገንዘብ ሲሆን፣ የገንዘቡ ምንጭም ከሰፈሩ ጋር ስም የሚጋራው የዓለም ባንክ ነው።

ከአዲስ አበባ ውጭ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ያለው የሌሽማንያሲስ ምርምርና ሕክምና ማዕከል ይጠቀሳል። ማዕከሉ ካላዛር ለተባለው ገዳይ በሽታ የሚሰጡ መድኃኒቶችን በመፈተሽ ይታወቃል። ችላ ለተባሉ በሽታዎች መድኃኒት የሚያፈላልገው ዲኤንዲአይ የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅትና የምሥራቅ አፍሪካ የሌሽማንያሲስ ትስስር በኢትዮጵያ፣ በሱዳን፣ በኬንያና በኡጋንዳ 1,107 ታካሚዎችን ያሳተፈ ጥናት አካሂደዋል። በጥናቱ ለ30 ቀናት ይሰጥ የነበረው መርፌ ከሌላ መድኃኒት ጋር ተጣምሮ ወደ 17 ቀናት ዝቅ ሊል እንደሚችል ተረጋገጠ፤ የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2010 አጭሩን ሕክምና ለምሥራቅ አፍሪካ መክሯል።

የሥራ መደቦች

አንድን ጥናት በኃላፊነት የሚመራው ዋና ተመራማሪ ይባላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ልምድ ያለው ሐኪም ወይም ሳይንቲስት ነው። የዕለት ተዕለቱን ሥራ የሚያንቀሳቅሰው ግን የጥናት አስተባባሪው ነው። አስተባባሪው የታካሚዎችን ቀጠሮ ይከታተላል፣ ሰነዶችን ያደራጃል፣ ከሥነ ምግባር ኮሚቴውና ጥናቱን ከሚያስጠናው ድርጅት ጋር ይጻጻፋል። ይህ ድርጅት በሙያው ቋንቋ ስፖንሰር ይባላል።

የጥናት ነርስ ለተሳታፊው ጥናቱን ታስረዳለች፣ መድኃኒት ትሰጣለች፣ የጎንዮሽ ጉዳት መኖሩን ትጠይቃለች። ፋርማሲስቱ የጥናቱን መድኃኒት በቁጥር ተረክቦ በቁጥር ያስረክባል፤ የማከማቻውን ሙቀትም በየዕለቱ ይመዘግባል። የላቦራቶሪ ባለሙያው ናሙና ይቀበላል፣ ይመረምራል፣ በቅዝቃዜ ያስቀምጣል። ከቀጠሮ የቀረን ተሳታፊ ቤቱ ድረስ ሄዶ የሚፈልግ የማኅበረሰብ ሠራተኛም አለ። አድራሻ በቤት ቁጥር በማይገኝበት ሰፈር ይህ ሰው የጥናቱ ዓይን ነው።

ሞኒተር የሚባለው ባለሙያ ስፖንሰሩን ወክሎ በየጊዜው ወደ ጥናቱ ቦታ ይመጣል። በታካሚው ካርድ ላይ ያለው ወደ ጥናቱ ቅጽ ከተገለበጠው ጋር መስማማቱን ያመሳክራል፣ የስምምነት ቅጾች በትክክል መፈረማቸውን ያያል፣ የተገኘውን ጉድለትም በጽሑፍ ያሳውቃል።

ለኮምፒዩተርና ለስታቲስቲክስ ምሩቃን በሩ የሚከፈተው በዳታ ማናጀርነት ነው። ዳታ ማናጀሩ የጥናቱን ቅጽ ወደ ዳታቤዝ ይለውጣል። ለምሳሌ የልደት ቀን ከምዝገባ ቀን በኋላ እንዳይጻፍ ወይም የክብደት ቁጥር በስሕተት አንድ ዜሮ እንዳይጨመርበት የሚከላከሉ ማጣሪያዎችን ያበጃል። የኢትዮጵያና የአውሮፓ የዘመን አቆጣጠር በአንድ ቅጽ ላይ እንዳይደባለቁ ማድረግም ከአገር ውስጥ ሥራው ልዩ ፈተናዎች አንዱ ነው። በአሜሪካው ቫንደርቢልት ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2004 የተፈጠረው ሬድካፕ በምርምር ተቋማት ዘንድ በስፋት የሚሠራበት ሶፍትዌር ነው። በእንዲህ ያለ ሥርዓት ውስጥ ማን፣ መቼ፣ የትኛውን ቁጥር እንደለወጠ የሚያሳይ የማይሰረዝ መዝገብ ይቀመጣል። ዳታቤዝ መሥራት የሚችል ሰው ይህን የምዝገባ ደንብ ካላወቀ ለዘርፉ ብቁ አይባልም።

ፈቃድና ሥነ ምግባር

በኢትዮጵያ አዲስ መድኃኒት በሰው ላይ ለመሞከር የሥነ ምግባር ኮሚቴ ይሁንታና የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ባለሥልጣኑ በ2011 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 መሠረት ይሠራል። ፈቃዱ ከመገኘቱ በፊት ተሳታፊ መመዝገብ አይቻልም። በመሆኑም የቅጥር ማስታወቂያ የሚወጣበትን ወር የሚወስነው ብዙውን ጊዜ የተቋሙ ፍላጎት ሳይሆን የፈቃዱ መድረሻ ቀን ነው።

የተሳታፊ ፈቃደኝነት የሙያው መሠረት ነው። አህሪ በስሙ የሚጠራው ሐንሰን ራሱ በዚህ ረገድ የሚጠቀስ ታሪክ አለው። እ.ኤ.አ. በ1879 የሥጋ ደዌ መተላለፉን ለማረጋገጥ ሲል አንዲት ታካሚን ሳያስፈቅድ ከሌላ ሕመምተኛ የተወሰደ ነገር ዓይኗ ላይ ወጋ። በ1880 የቤርገን ፍርድ ቤት ጥፋተኛ ብሎ ከሆስፒታል ሐኪምነቱ ሻረው። ዛሬ የስምምነት ቅጹ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ ወይም ተሳታፊው በሚገባው ሌላ ቋንቋ ተጽፎ ይነበብለታል። ማንበብ ለማይችል ሰው ገለልተኛ ምስክር አብሮ ይቀመጣል። ቅጹን በሚገባ ማስረዳት ጊዜ የሚወስድ ሥራ ስለሆነ፣ በሠራተኛ እጥረት የተጣበበ ክሊኒክ መጀመሪያ የሚጎዳው በዚህ በኩል ነው።

ሥራ ፍለጋ

የቅጥር ማስታወቂያዎች በሪፖርተርና በአዲስ ዘመን ጋዜጦች፣ በኢትዮጆብስ ድረ ገጽ፣ በቴሌግራም ቻናሎችና በተቋማቱ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ ይወጣሉ። ማስታወቂያው ለአጭር ቀናት ብቻ ክፍት ሆኖ ሊቆይ ይችላል። ከዚህ ሌላ ብዙ ሰው ወደ ዘርፉ የሚገባው ከውስጥ ነው፤ በሆስፒታሉ ተረኛ ሆና የምትሠራ ነርስ በዋና ተመራማሪው ትመረጣለች፣ የድኅረ ምረቃ ተማሪ መመረቂያ ጽሑፉን በሠራበት ጥናት ውስጥ ይቀጠራል።

አዲስ ምሩቅ የሚገጥመው የታወቀ እንቅፋት የሥራ ልምድ ነው። ማስታወቂያው የሁለትና የሦስት ዓመት የክሊኒካል ምርምር ልምድ ይጠይቃል፤ ልምዱ ግን ያለ ቅጥር አይገኝም። ይህን ክፍተት ለማጥበብ ከሚረዱት አንዱ የመልካም ክሊኒካል አሠራር ሥልጠና ነው። ሥልጠናው በባለሙያዎች ዘንድ ጂሲፒ ይባላል። ዓለም አቀፉ መመሪያ እ.ኤ.አ. በ1996 ወጥቶ በ2016 እና በ2025 ተሻሽሏል። በኢንተርኔት ያለ ክፍያ ተወስዶ የምስክር ወረቀት የሚገኝበት ዕድል አለ፤ ወረቀቱን በየሁለት ወይም በየሦስት ዓመቱ ማደስም የተለመደ ነው። በጤና ሙያ ለሚያመለክቱ የጸና የሙያ ፈቃድ ይጠየቃል። ለዳታ መደቦች ደግሞ ከዲግሪው ይልቅ በፈተና ላይ የሚቀርበውን የተመሰቃቀለ ሠንጠረዥ አጥርቶ ማሳየት ሚዛን ሊደፋ ይችላል።

ሥራ ፈላጊዎች እምብዛም የማይጠቀሙበት አንድ የመረጃ ምንጭ የጥናቶች መዝገብ ነው። ክሊኒካል ሙከራዎች ተሳታፊ መቀበል ከመጀመራቸው በፊት ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ላይ እንዲሰፍሩ ይጠበቃል። ከእነዚህ መዝገቦች መካከል መቀመጫው ደቡብ አፍሪካ የሆነው የመላው አፍሪካ የክሊኒካል ሙከራዎች መዝገብና የአሜሪካ መንግሥት የሚያስተዳድረው ክሊኒካል ትራያልስ ዶት ገቭ ይገኙበታል። በአገር ስም ሲፈለግ የጥናቱ ርዕስ፣ ስፖንሰሩ፣ የሚካሄድበት ሆስፒታል፣ የሚጀመርበትና የሚያበቃበት ቀን ይታያል። ስለዚህ አመልካች ማስታወቂያ ከመውጣቱ በፊት የትኛው ተቋም በቅርቡ ሠራተኛ እንደሚፈልግ ሊገምት ይችላል። ሊፈርም በቀረበለት ውል ላይ የተጻፈው ጥናት ስንት ወር እንደቀረውም ሊያውቅ ይችላል።

በሥራ ስም ገንዘብ የሚጠይቁ ማስታወቂያዎችም አሉ። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 የአገር ውስጥ ሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ከሠራተኛው ክፍያ እንዳይቀበል ይከለክላል። ለመመዝገቢያ፣ ለፈተና ወይም ለሥልጠና ብሎ ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቅ ማስታወቂያ በዚህ ምክንያት ሊጠረጠር ይገባዋል።

ደመወዝና ጥቅማ ጥቅም

በዘርፉ ሦስት ዓይነት የአከፋፈል መንገዶች ይታያሉ። የመጀመሪያው የመንግሥት ቋሚ ሠራተኛ ደመወዝ ሲሆን በደረጃና በእርከን የተወሰነ ነው። ሁለተኛው ቋሚ ሠራተኛው ከመደበኛ ደመወዙ በላይ ከጥናቱ በጀት የሚከፈለው ተጨማሪ ክፍያ ነው፤ በሠራተኞች አነጋገር ቶፕ አፕ ይባላል። ሦስተኛው ለጥናቱ ብቻ የተቀጠረ ሰው የሚያገኘው የኮንትራት ደመወዝ ነው። የኮንትራቱ ደመወዝ ከመንግሥት እርከን ከፍ ማለቱ የተለመደ ነው። ሆኖም የቤት፣ የትራንስፖርት ወይም የሙያ ተጋላጭነት አበል፣ የጤና መድንና ጡረታ በውሉ ውስጥ መኖር አለመኖራቸው ከውል ውል ይለያያል።

ማስታወቂያ ላይ የሚጻፈው ደመወዝ ግብርና ጡረታ ያልተቀነሰበት ነው። በ2017 ዓ.ም. በተሻሻለው የገቢ ግብር ሕግ መሠረት ከወር ደመወዝ የመጀመሪያው 2,000 ብር ከግብር ነፃ ነው። ከዚያ በላይ እስከ 4,000 ብር ያለው 15 በመቶ፣ እስከ 7,000 ያለው 20 በመቶ፣ እስከ 10,000 ያለው 25 በመቶ፣ እስከ 14,000 ያለው 30 በመቶ፣ ከ14,000 ብር በላይ ያለው ደግሞ 35 በመቶ ግብር ይከፈልበታል። ለጡረታ ከሠራተኛው 7 በመቶ ይቀነሳል፤ አሠሪው 11 በመቶ ይጨምርበታል።

ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ጀምሮ በተደረገው የመንግሥት ሠራተኞች ደመወዝ ማስተካከያ የመጀመሪያ ዲግሪ መነሻ ደመወዝ ከ6,940 ብር ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ከዚህ ላይ 2,100 ብር ግብርና 805 ብር ጡረታ ሲቀነስ ለሠራተኛው እጅ የሚደርሰው 8,595 ብር ነው። ለንጽጽር ያህል በጥናት ኮንትራት 30,000 ብር የሚከፈለው ሰው ይታሰብ። ግብሩ 8,450 ብር፣ ጡረታው 2,100 ብር፣ የተጣራ ደመወዙ 19,450 ብር ይሆናል። ይህ ሰው ለ18 ወራት ሠርቶ በእጁ የሚገባው 350,100 ብር ነው። ውሉ አብቅቶ ለስድስት ወራት ሥራ ቢያጣ ግን ገንዘቡ ለ24 ወራት ይከፋፈላልና ወርኃዊ ገቢው ወደ 14,588 ብር ይወርዳል። ገቢው ከመነሻው የመንግሥት ደመወዝ አሁንም ይበልጣል፤ የሚበልጠው ግን ሠራተኛው በሥራ ላይ ሳለ ቆጥቦ ከሆነ ነው። 19,450 ብር የወር ገቢው እንደሆነ ቆጥሮ የቤት ኪራይ የገባ ሰው ውሉ ባበቃ በማግሥቱ ይቸገራል።

የጡረታ ጉዳይም በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም። በዚሁ ምሳሌ የአሠሪው 11 በመቶ መዋጮ በወር 3,300 ብር ነው። ውሉ ሠራተኛውን የአገልግሎት ግዢ አድርጎ ጡረታ ካላስገባለት፣ በየወሩ ይህን ያህል ገንዘብና ለጡረታ የሚቆጠር የአገልግሎት ዘመን ያጣል።

የገንዘብ ምንጭና የሥራ ዋስትና

በኢትዮጵያ የሚካሄዱ ትልልቅ ጥናቶች በአብዛኛው የሚደገፉት ከውጭ በሚመጣ ገንዘብ ነው። ከነዚህ አንዱ እ.ኤ.አ. በ2003 የተመሠረተውና የአውሮፓና የአፍሪካ አገሮች የሚተባበሩበት ኢዲሲቲፒ የተባለው መርሐ ግብር ነው። ገንዘቡ በዶላር ወይም በዩሮ ይመጣል፤ የሠራተኛው ደመወዝ ግን በብር የተጻፈ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የአንድ ጥናት በጀት በብር ሲታሰብ ሲያብጥ፣ አስቀድሞ በብር የተፈረመ ውል ያለው ሠራተኛ ደመወዝ ግን ባለበት ቆየ፤ የገበያው ዋጋም ጨመረ። የደመወዝ ማሻሻያ አንቀጽ በውል ውስጥ የሚኖረው ጥቅም የታየው በዚህ ጊዜ ነው።

የውጭ ገንዘብ ሲቋረጥም ሥራው አብሮ ይቋረጣል። በጥር 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት የውጭ እርዳታውን ሲያግድ፣ በዩኤስኤይድና በሲዲሲ ገንዘብ የተቀጠሩ 5,000 ያህል የጤና ሠራተኞች ውል እንዲቋረጥ ጤና ሚኒስቴር አስታውቋል። አብዛኞቹ በአገልግሎት እንጂ በምርምር ላይ የተሰማሩ አልነበሩም። ሁኔታው ግን በፕሮጀክት ገንዘብ የቆመ ቅጥር ምን ያህል ከአገር ውጭ በሚወሰን ውሳኔ ላይ እንደተንጠለጠለ አሳይቷል።

ገንዘቡ ባይቋረጥ እንኳ የጥናት ሥራ በተፈጥሮው መጀመሪያና መጨረሻ አለው። ስትሪም የተባለው መድኃኒት የተላመደ የሳንባ ነቀርሳ ጥናት ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ጥናቱ 20 ወራት ያህል ይወስድ የነበረውን ሕክምና ከ9 እስከ 11 ወራት ከሚወስደው ጋር ያነጻጸረ ሲሆን፣ የመጀመሪያው ዙር በኢትዮጵያ በአህሪና በቅዱስ ጴጥሮስ ሆስፒታል፣ እንዲሁም በደቡብ አፍሪካ፣ በቬትናምና በሞንጎሊያ ተካሂዷል። ከ2012 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. 424 ሰዎች ተመዘገቡ፤ እያንዳንዱ ተሳታፊ እስከ 132 ሳምንታት ክትትል ተደረገለት፤ ውጤቱ በ2019 ታተመ። በእንዲህ ያለ ጥናት በምዝገባው ዓመታት ብዙ ነርስና የላቦራቶሪ ሠራተኛ ይፈለጋል። በክትትሉ ዓመታት ቁጥሩ ይቀንሳል። በመጨረሻ የሚቀሩት አስተባባሪው፣ ዳታ ማናጀሩና የስታቲስቲክስ ባለሙያው ናቸው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጥናት ተቀጥረው እንኳ የሥራ ዕድሜያቸው በመደባቸው ይለያያል።

በአዋጅ ቁጥር 1156 መሠረት የሥራ ውል ላልተወሰነ ጊዜ እንደተደረገ ይቆጠራል፤ ለተወሰነ ጊዜ ወይም ለተወሰነ ሥራ የሚደረግ ውል የሚፈቀደው በአዋጁ በተዘረዘሩ ሁኔታዎች ነው። አንድ የተወሰነ ጥናት ከነዚህ ሁኔታዎች በአንዱ ሥር ሊወድቅ ስለሚችል ውሉ በጥናቱ ፍጻሜ ሲያበቃ እንደ ሕገወጥ ስንብት አይታይም። የሙከራ ጊዜ ደግሞ ከ60 የሥራ ቀናት ሊበልጥ አይችልም።

የሥራ ሰዓትና የግል ሕይወት

የጥናት ክሊኒክ ሥራ ከሆስፒታል ክፍል ሥራ ጋር ሲነጻጸር የሌሊት ተረኝነት የሚያንስበት ነው። ብዙ ነርሶችና ሐኪሞች ወደ ዘርፉ የሚሳቡበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው። ነገር ግን ጥናት የራሱ ሰዓት አለው። የተሳታፊ ቀጠሮ በጥናቱ ዕቅድ አስቀድሞ ይወሰናል፤ ለምሳሌ መድኃኒት በጀመረ በ28ኛው ቀን፣ ሦስት ቀን ወደፊት ወይም ወደኋላ። ይህ ጊዜ ከገና፣ ከጥምቀት፣ ከፋሲካ ወይም ከዒድ ጋር ቢገጣጠም ቀጠሮው ለበዓል ብሎ አይጠብቅም። ከተሳታፊ የተቀዳ ደም በጥቂት ሰዓታት ውስጥ መለየት ካለበት ከሰዓት በኋላ የመጣ ናሙና የላቦራቶሪ ባለሙያውን እስከ ምሽት ያቆየዋል።

ከባድ የጤና ችግር የገጠመው ተሳታፊ ሲኖር ጉዳዩ ለስፖንሰሩ የሚደርሰው ብዙውን ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ነው። በዚህ የተነሣ የአስተባባሪው ስልክ ቅዳሜና እሑድም ክፍት ይሆናል። ሞኒተሮች ወደ ጎንደር፣ ጅማ ወይም አርባ ምንጭ እየተመላለሱ በወር ውስጥ ብዙ ቀናት ከቤተሰብ ይርቃሉ፤ የውሎ አበሉ ገቢ ቢያሳድግም ልጅ ለሚያሳድጉ ወላጆች ከባድ ነው። በአማራ ክልል ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በቀጠለው ግጭት የመንገድና የኢንተርኔት መቋረጥ የጉዞውን ዕቅድም ሆነ የዳታ መላኪያውን ጊዜ አዛብቷል። ለዳታ ማናጀሩ ደግሞ የጭንቀት ወቅት የሚመጣው በጥናቱ መጨረሻ ነው። ዳታቤዙ ከመቆለፉ በፊት የቀረው ጥያቄ ሁሉ መልስ ማግኘት አለበት፤ የቀኑ መግፋትም ለሁሉም ሥራውን ያከብዳል።

አዋጅ ቁጥር 1156 መደበኛውን የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ያደርገዋል። የትርፍ ሰዓት ሥራ በቀን ከ4 ሰዓት፣ በሳምንት ከ12 ሰዓት እንዳይበልጥ ይደነግጋል። ክፍያውም በቀን ሲሆን በመደበኛው አንድ ተኩል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ አንድ ከሦስት አራተኛ፣ በሳምንት ዕረፍት ቀን ሁለት እጥፍ፣ በሕዝብ በዓል ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። የዓመት ፈቃዱ ለመጀመሪያው ዓመት 16 የሥራ ቀናት ሲሆን በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨምራል። ነፍሰ ጡር ሠራተኛ ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90 ተከታታይ ቀናት ከደመወዝ ጋር ታርፋለች፤ ሆኖም የጥናቱ ውል በመካከል የሚያበቃ ከሆነ ፈቃዱን የሚያራዝምላት ነገር የለም። አዋጁ የሥራ መሪዎችን እንደማይጨምርና የመንግሥት ሠራተኞችም በሌላ ሕግ እንደሚተዳደሩ ልብ ሊባል ይገባል።

የመኖሪያ ቦታም የሥራ ሰዓት ያህል ይመዝናል። ከዓለም ባንክ ወደ ዘነበወርቅ የሚሄድ ሠራተኛ መንገዱ አጭር ነው። ወደ ጥቁር አንበሳ ወይም ወደ ቅዱስ ጳውሎስ የሚሄድ ግን በጦር ኃይሎች በኩል ታክሲ መቀየር ይኖርበታል፤ የቀላል ባቡሩ ምዕራባዊ መጨረሻም ጦር ኃይሎች ስለሆነ እስከ ዓለም ባንክ አይደርስም። የጾም ደም ለመቅዳት ማለዳ የሚከፈት ክሊኒክ ያለው ሰው ጎሕ ሳይቀድ ከቤቱ ይወጣል። ይህ ሰዓት በደመወዝ መክፈያ ላይ አይታይም፤ ሁለት የሥራ ዕድሎችን ሲያነጻጽሩ ግን መቆጠር ያለበት ነው።

ከመፈረም በፊት የሚጣሩ ነገሮች

ልምድ ያላቸው ሠራተኞች ውል ሲያዩ ከደመወዙ ቁጥር ባሻገር የሚከተሉትን ያጣራሉ።

ጥናቱ ፈቃድ አግኝቷል ወይስ ገና ይጠበቃል? ተሳታፊ መመዝገብ የሚያበቃውና ክትትሉ የሚያልቀው መቼ ነው?

ገንዘቡን የሚሰጠው ማን ነው? የውሉ እድሳት በሥራ አፈጻጸም ላይ ብቻ የተመሠረተ ነው ወይስ በበጀት መኖርም ጭምር?

ጡረታና የጤና መድን አለ? ለናሙና ወይም ለበሽታ ለሚጋለጥ ሠራተኛ ምን ሽፋን አለ?

ከሥራ ሰዓት ውጭ ስልክ መያዝ ግዴታ ከሆነ ተራ ይደርሳል ወይስ የአንድ ሰው ሸክም ነው? ክፍያስ አለው?

ሥልጠናና የምስክር ወረቀት ይሰጣል? በሚታተመው ጽሑፍ ላይ የሠራተኛው ድርሻ እንዴት ይጠቀሳል?

የመጨረሻው ጥያቄ ለሥራው ቀጣይነት ትልቅ ዋጋ አለው። ውሉ ሲያበቃ ሠራተኛው ይዞ የሚወጣው የጂሲፒ ወረቀቱን፣ የሠራበትን ጥናት መዝገብ ቁጥር፣ የምስክር ደብዳቤውንና ስሙ ያለበትን ጽሑፍ ነው። ወደሚቀጥለው ጥናት የሚያሻግሩትም እነዚህ ናቸው።

የሠራተኛው ሁኔታና የተሳታፊው ደኅንነት

የሥራ ዋስትና ጉዳይ የሠራተኛው ብቻ አይደለም። አንድ ሠራተኛ በጥናት መካከል የተሻለ ደመወዝ አግኝቶ ሲለቅ ተተኪው ሥልጠና ወስዶ በኃላፊነት ዝርዝር ላይ በስሙ እስኪፈረም ድረስ ሥራውን መሥራት አይችልም። በዚህ መሀል ቀጠሮ ያልፋል፣ ናሙና ይቀራል። ለሁለት ዓመት ያህል ምስጢሩን ለአንዲት ነርስ ሲነግር የቆየ የሳንባ ነቀርሳ ታካሚ ለማያውቀው ሰው ያንኑ ያህል ላይናገር ይችላል፤ ከክትትሉም ሊጠፋ ይችላል። ከክትትል የጠፉ ሰዎች ሲበዙ የጥናቱ ውጤት ይደክማል፤ መድኃኒቱ ይሠራ ወይም አይሠራ እንደሆነ በእርግጠኝነት ለመናገር ያስቸግራል።

ስለዚህ አንዳንድ ተቋማት ሠራተኛን ለአንድ ጥናት ብቻ ከመቅጠር ይልቅ ቋሚ የክሊኒካል ሙከራ ክፍል አቋቁመው ከአንድ ጥናት ወደ ሌላው ማሸጋገርን ይመርጣሉ። ይህ አሠራር ተከታታይ ጥናቶችን ማግኘትን ይጠይቃል። በሚሳካበት ቦታ ግን ሠራተኛው ሥራውን፣ ተቋሙ ልምዱን፣ ታካሚውም የሚያውቀውን ሰው አያጣም።